በአነስተኛ በጀት የተሠራን ፊልም በኢንተርኔት ማስተዋወቅ፦ ከቀረጻ እስከ ዩቲዩብ ዝርዝር መመሪያ

በአነስተኛ ገንዘብ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያን ከቀለም እርማትና ከድምፅ ቅንብር በኋላ የሚመጣ ሥራ አድርገው ይይዙታል። ስለዚህም ትሬለሩ (ፊልሙን የሚያስተዋውቀው አጭር ቪዲዮ) የሚለቀቀው ምረቃው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ያውም በሌላ ሰው ቻናል ላይ ይሆናል። ትሬለሩን ያየው ሰው ሁሉ «መቼ ነው የሚወጣው? የት ነው የምናየው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት የለም። የትኬቱ ሊንክ ሲለጠፍ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ወደ ሌላ ወሬ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በጥቂት ሰዎችና በውስን ገንዘብ ለሚሠራ የአማርኛ ፊልም ሲሆን፣ ከሁሉም ደረጃዎች በስተጀርባ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ የሚለጥፉት ማንኛውም ነገር ተመልካቹን የራስዎ ወደሆነ አንድ ቦታ ማምጣት አለበት። በሌላ ሰው ገጽ ላይ የተሰበሰበ እይታ በማግስቱ ለፊልምዎ አይደርስም።

ከመጀመርዎ በፊት

ሥራውን በአንድ ሰው ኃላፊነት ሥር ያድርጉት። ይህ ሰው ዳይሬክተሩ ባይሆን ይመረጣል፤ ዳይሬክተሩ ኤዲቲንግ ላይ በሚያድርባቸው ሳምንታት ለአስተያየት መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋልና። ለፊልሙ ብቻ የሚያገለግል አንድ የኢሜይል አድራሻና አንድ ሲም ካርድ ያውጡ፤ ሲም ካርዱ በፕሮዲውሰሩ ወይም በድርጅቱ ስም ይመዝገብ። የማስታወቂያውን ገንዘብ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ለይተው በሌላ ሒሳብ ያስቀምጡ። ከቀረጻ የሚተርፍ ገንዘብ ይኖራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ፊልም ሠርቶ አያውቅም።

ደረጃ 1፦ ቀረጻው ሳያልቅ ጥሬ ዕቃውን ይሰብስቡ

ፎቶግራፍ። በየዋናው ትዕይንት መካከል ለፎቶ አንሺው ጥቂት ደቂቃ ይስጡ። ከቪዲዮ ላይ የተቆረጠ ምስል በአብዛኛው በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ስለሆነ ለፖስተር ሲጎላ ይበላሻል። ቢያንስ የሚከተሉትን ይያዙ፦ እያንዳንዱ መሪ ተዋናይ ብቻውን፣ ሁለቱ መሪ ተዋንያን አንድ ላይ፣ ጽሑፍ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ያለው ምስል፣ እንዲሁም ዳይሬክተሩና ካሜራማኑ በሥራ ላይ ሳሉ።

ከመጋረጃ ጀርባ። አንድ ሰው በስልክ፣ ስልኩን አቁሞ፣ በየቀኑ ጥቂት አጫጭር ቪዲዮዎችን ይቅረጽ። ዝናብ ያቋረጠው ቀረጻ፣ ንግግሩ የጠፋበት ተዋናይ፣ ሜካፕ ስትሠራ የምታንጎራጉር ባለሙያ፣ እነዚህ ከብዙ ቃለ መጠይቅ የተሻለ ይታያሉ። የታሪኩን መጨረሻ የሚያጋልጥ ነገር ግን ከቀረጻው ቦታ እንዳይወጣ ለሁሉም አስቀድመው ይንገሩ።

ውል። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ከተዋንያን ጋር በሚፈራረሙት ውል ውስጥ ተዋናዩ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ባሉት አራት ሳምንታት በራሱ ገጽ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚለጥፍ፣ ስንት አጭር ቪዲዮ እንደሚቀረጽ፣ በምረቃው ላይም እንደሚገኝ በቁጥር ያስቀምጡ፤ የመጨረሻውን ክፍያ የተወሰነ ክፍልም ከዚህ ጋር ያያይዙት። ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ የተቀበለ ተዋናይ በዚያ ጊዜ ሌላ ቀረጻ ላይ ይሆናል፤ ስልክ ባያነሳም በውሉ መሠረት ጥፋት የለበትም።

ሙዚቃ። በፊልሙም ሆነ በትሬለሩ ለሚገባው ዘፈን ከግጥሙ፣ ከዜማውና ከቅንብሩ ባለቤቶች እንዲሁም ከድምፃዊው በጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ፤ ፈቃዱ «ለማስታወቂያና በኢንተርኔት ለማሰራጨት» የሚል ቃል ይኑርበት። ለሲኒማ ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ዩቲዩብ ላይ አይረዳዎትም። ፈቃድ የሌለው ዘፈን ያለበት ትሬለር ድምፁ ሊጠፋ፣ ሊታገድ ወይም ገቢው ለሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ትሬለሩ መታየት በጀመረበት ሰዓት ነው።

ቀረጻው ያለ ፎቶ ካለቀብዎት፦ መሪ ተዋንያኑን የፊልሙን ልብስ አስለብሰው ለግማሽ ቀን ይሰብስቡና ፎቶ ያስነሱ። ይህም ካልተቻለ ኤዲተሩ ለሥራ ከቀነሰው ፋይል ሳይሆን ካሜራው ከቀረጸው ዋና ፋይል ላይ ሰዎቹ ሳይንቀሳቀሱ የቆሙባቸውን ቅጽበቶች ያውጣልዎ።

ደረጃ 2፦ ስሙንና አድራሻዎቹን ይያዙ

የፊልሙን ስም ከመወሰንዎ በፊት በዩቲዩብና በቴሌግራም ይፈልጉት። በዚያ ስም የታወቀ ዘፈን ወይም ድራማ ካለ ተመልካቹ የእርስዎን ፊልም ፈልጎ አያገኘውም።

ቀጥሎ የፊደል ጉዳይ አለ። በስሙ ውስጥ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ፣ ሠ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ፣ ፀ ካሉ ሰው በተለያየ መንገድ ይጽፈዋል፤ «ፀሐይ» የሚለውን «ፀሀይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ጸሃይ» ብሎ የሚፈልግ አለ። በፖስተሩ ላይ አንዱን ብቻ ይጠቀሙ፤ በቪዲዮ መግለጫው ውስጥ ግን ሌሎቹን አጻጻፎች ሁሉ ያስገቡ። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉ ተመልካቾችም ብዙ ስለሆኑ የተለመዱትን ሁለት ሦስት የላቲን አጻጻፎች ያክሉ። ለገጾችዎ መለያ የሚሆነው ስም አጭርና በአንድ መንገድ ብቻ ሊጻፍ የሚችል ይሁን፤ በቴሌግራም፣ በቲክቶክ፣ በዩቲዩብና በፌስቡክ በአንድ ቀን ያስመዝግቡት። በአንዱ ተይዞ ከሆነ በሁሉም ላይ ሌላ ስም ይምረጡ እንጂ በየቦታው የተለያየ ስም አይያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሁሉም አድራሻዎች ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ፤ በስልክ የሚመጣውን ኮድ ለማንም አይስጡ። የቴሌግራም ቻናሉን የከፈተው ሰው የቡድኑ ወጣት አባል ከሆነ፣ ባለቤትነቱን ዛሬውኑ ወደ ፊልሙ ስልክ ያዛውሩ። ቴሌግራም ባለቤትነትን የሚያዛውረው የአስተላላፊው የባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የይለፍ ቃል ቢያንስ ለሰባት ቀናት የቆየ ሲሆን ብቻ ነውና ጠብ ከተነሳ በኋላ ለማዛወር መሞከር ዋጋ የለውም።

ደረጃ 3፦ ተመልካቹንና ቀኑን ይወስኑ

«ፊልሙ ለሁሉም ነው» የሚል መልስ ለማስታወቂያ አይጠቅምም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፦ ለምሳሌ «ከክፍለ ሀገር መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች» ወይም «ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ ወላጆች»። የሚመርጡት ገጽ፣ የሚጽፉት ቃልና የሚለጥፉበት ሰዓት ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ወጣቶቹን በቲክቶክ ያገኟቸዋል፤ ወላጆቹን በፌስቡክ ወይም በልጆቻቸው በኩል ይፈልጓቸው።

ቀን ሲመርጡ የቀን መቁጠሪያውን በፊትዎ ያድርጉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ስለሚወስድና በዚያ ወቅት የመዝናኛ ነገር ስለሚቀዘቅዝ፣ ጾሙን ለዝግጅት ተጠቅሞ ከፋሲካ በኋላ መውጣት ይሻላል። በበዓሉ ዕለት ግን ባይለቁት ይመከራል፤ ያን ቀን የቴሌቪዥን ልዩ ዝግጅት ቤቱን ሁሉ ይዞታል። ታሪክዎ ሙስሊም ተመልካችን የሚመለከት ከሆነ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ እንደሚመጣ አስበው ይቁጠሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከፈለጉ የፈተናውን ወቅት ይዝለሉት።

ቀኑን ከወሰኑ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ ቻናሉ ከ12 ሳምንት በፊት፣ ፖስተሩ ከ6 ሳምንት በፊት፣ ትሬለሩ ከ4 ሳምንት በፊት፣ የትኬት ሽያጩም ከትሬለሩ ጋር በአንድ ሰዓት ይጀምር።

ሲኒማ ቤቱ ቀኑን ከለወጠብዎት፦ አዲሱን ቀን በሁሉም ገጽ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያስተካክሉ፤ የድሮውን ፖስተር ብቻውን አጥፍተው ዝም አይበሉ። «ቀኑ ከዚህ ወደዚህ ተዛውሯል፣ የተገዛው ትኬት ይሠራል» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ያለበለዚያ ፊልሙ የቀረ የሚመስለው ሰው ይበዛል።

ደረጃ 4፦ መሰብሰቢያውን ይክፈቱ

ለአማርኛ ተመልካች ምቹው መሰብሰቢያ የቴሌግራም ቻናል ነው፤ የለጠፉት ነገር ለተከታዩ ሁሉ ይደርሳል፣ ዳታም ብዙ አይበላም። ቻናሉን ባዶ አድርገው ሰው አይጥሩበት። በመጀመሪያ ጥቂት ፎቶዎች፣ የፊልሙን ጭብጥ በሦስት መስመር የሚገልጽ ጽሑፍና አንድ አጭር ቪዲዮ ያስቀምጡ።

ከዚያም ብዙዎች የማይጠቀሙበትን ነገር ያድርጉ። ቴሌግራም ለአንድ ቻናል ብዙ የግብዣ ሊንኮችን ለመፍጠር፣ ለእያንዳንዱም ስም ለመስጠትና በየሊንኩ ስንት ሰው እንደገባ ለማየት ይፈቅዳል። ለቲክቶክ ገጽዎ አንድ፣ ለፌስቡክ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ተዋናይ አንድ፣ ፖስተሩ ላይ ለሚታተመው የኪውአር ኮድም አንድ ይፍጠሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝርዝሩን ሲከፍቱ ብዙ ተከታይ ያለው ተዋናይ ጥቂት ሰው ብቻ እንዳመጣ፣ ስሙ ያልተጠራው ረዳት ተዋናይ ግን ከሰፈሩና ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ብዙ ሰው እንዳስገባ ሊያዩ ይችላሉ። ቀሪውን ጊዜና ገንዘብ ውጤት ወዳለበት ያዙሩት።

በአንድ መድረክ ላይ ብቻ አይተማመኑ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ውስጥ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ ቆይተዋል። ስለዚህ ፈቃደኛ ከሆኑ ተመልካቾች ስልክ ቁጥር ይሰብስቡ፤ ቁጥሩ ለፊልሙ መልእክት ብቻ እንደሚውል ይንገሯቸውና ለሌላ ሰው አይስጡ። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ያለ ኢንተርኔትም ይደርሳል።

ተከታይ የሚሸጡ ሰዎች ከቀረቡዎት አይግዙ። የተገዛ ተከታይ ሲኒማ ቤት አይገባም፤ በዚያ ላይ የትኛው ሊንክ ሰው እንዳመጣ የሚያሳየውን ቁጥር ሁሉ ያበላሽብዎታል።

ደረጃ 5፦ ትሬለሩንና ሽፋኑን ያዘጋጁ

የትሬለሩ ርዝመት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይሁን። የድርጅቶችን አርማ ወደ መጨረሻው ይውሰዱት፤ ሦስት አርማ አንድ በአንድ ሲበራ የሚጠብቅ ተመልካች የለም። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ውስጥ ሰው ይናገር፣ የተናገረውም ጥያቄ የሚያስነሳ ይሁን። ከፊልሙ የመጨረሻ ሲሶ ምንም ነገር አያስገቡ። ተመልካቹ «ሙሉውን አየሁት» ካለ ትኬት አይገዛም።

ድምፁን በስቱዲዮ ድምፅ ማጉያ ብቻ አይመዝኑት። በርካሽ ስልክ፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው ያዳምጡት፤ ንግግሩ ካልተሰማ ሙዚቃውን ያውርዱ። ያም ሆኖ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ሰው ብዙ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹን ንግግሮች በጽሑፍ ያስገቡ።

ትሬለሩን በራስዎ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ይጫኑ። አዲስ ቻናል ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ ለመጫንና የራሱን ሽፋን (ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየውን ምስል) ለማስገባት በስልክ ቁጥር መረጋገጥ አለበት፤ ይህን ሥራ ለመጨረሻው ሌሊት አያቆዩት። ሽፋኑ 1280 በ720 ፒክስል ይሁን፤ አንድ ፊት፣ አንድ ስሜት፣ ቢበዛ አራት ቃል። ቀጭን የአማርኛ ፎንት በትንሽ ስክሪን ላይ አይነበብምና ወፍራሙን ይምረጡ። ሲጨርሱ ሽፋኑን በስልክዎ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያህል አሳንሰው ይዩት፤ ካልተነበበ ቃል ይቀንሱ።

ለቴሌግራም የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂም ያውጡ። የ90 ሰከንድ ትሬለር በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሲጨመቅ ወደ 22 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ይህ በሞባይል ጥቅል ለሚጠቀም ሰው የሚቻል ነው።

ከትሬለሩ ጋር የሚለጠፈው ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ እንዲደረግ ይጠይቅ። «ፊልማችን በቅርብ ቀን ይጠብቁን! ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ ያድርጉ!» የሚለው አራት ነገር ጠይቆ አንዱንም አያገኝም። ይልቁንስ እንዲህ ይጻፉ፦ «ቅዳሜ ግንቦት 8፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ትኬት 300 ብር ነው። ለመግዛት ከታች ያለውን ሊንክ ይጫኑ።» ቀን፣ ሰዓት፣ ዋጋ፣ መንገድ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አይለጥፉት።

ትሬለሩ ሳይታይ ከቀረ፦ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካቹ የተወበትን ሰከንድ የሚያሳየውን ግራፍ ይክፈቱ። ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከሄደ ችግሩ መክፈቻው ነው፤ መክፈቻውን ቆርጠው በአዲስ ቪዲዮ ይልቀቁት። ሰው ጭራሽ ካልከፈተው ግን ችግሩ ሽፋኑና ርዕሱ ነው፤ ቪዲዮውን ሳይነኩ እነሱን ይለውጡ።

ደረጃ 6፦ አጫጭር ቪዲዮዎችን በተከታታይ ይልቀቁ

ከፊልሙ ውስጥ ብቻቸውን የሚቆሙ ትዕይንቶችን ይምረጡ፤ ጭቅጭቅ፣ ያልተጠበቀ መልስ፣ አንድ ሳቅ። በ1080 በ1920 ፒክስል እንደገና ይከርክሟቸው፤ ዝም ብሎ ላይና ታች ጥቁር ማስገባት ስንፍና ያስመስላል። በቲክቶክ ላይ የስክሪኑ ታችኛው ክፍል በመግለጫ ጽሑፍ፣ ቀኙ ደግሞ በምልክቶች ስለሚሸፈን ጽሑፍዎን ወደ መሐል ከፍ ያድርጉት።

ትዕይንቱ ጥያቄው ላይ ይቁረጥ፤ መልሱ በፊልሙ ውስጥ ይቅር። በመጀመሪያው አስተያየት ላይ ቀኑንና መንገዱን ራስዎ ጽፈው ከላይ እንዲቆይ ያድርጉት። አስተያየት ለሚሰጡ ሰዎች ቢያንስ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይመልሱ፤ የሚሰድብም ቢኖር አይሰዳደቡ፣ ቻናሉ የፊልሙ እንጂ የእርስዎ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የቲክቶክ የንግድ አካውንት የሚጠቀመው ለንግድ የተፈቀዱ ሙዚቃዎችን ብቻ ስለሆነ በወቅቱ የገነነውን ዘፈን ሊከለክልዎት ይችላል። የፊልሙን ንግግር ራሱን እንደ ድምፅ ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ሰዎች ያንን ድምፅ ወስደው የራሳቸውን ቪዲዮ ሲሠሩበት ማስታወቂያው ይራባል።

ደረጃ 7፦ የሚከፈልበትን ማስታወቂያ በጥንቃቄ ይግዙ

ያለ ክፍያ ጥሩ የሄደውን ቪዲዮ ብቻ ያስተዋውቁ፤ ያልታየ ቪዲዮ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ኪሳራ ነው። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሚጠየቅ ብዙ ሰው «ቡስት» የሚያደርግለት (ቪዲዮውን በክፍያ የሚያስተዋውቅለት) ደላላ ይፈልጋል። ለደላላው የይለፍ ቃልዎን አይስጡ፤ በገጹ ላይ ውስን ሥልጣን ይስጡት፣ ሥራው ሲያልቅም ያንሱት። ማስታወቂያው ለየትኛው ከተማ፣ ለየትኛው ዕድሜ፣ በስንት ዶላር እንደወጣ የሚያሳየውን ገጽ ስክሪንሾት ይጠይቁ። ይህን ማሳየት የማይፈልግ ሰው ገንዘብዎን የት እንዳዋለው አያውቁም። ሲኒማ ቤቱ ያለው አዲስ አበባ ከሆነ ለአዲስ አበባ ብቻ ይክፈሉ።

ለታዋቂ ሰዎች የሚከፈለውን በተመለከተ፦ ከተከታዮቹ ብዛት በፊት በቪዲዮዎቹ ሥር ያለውን አስተያየት ያንብቡ። አስተያየቱ ሁሉ የእሳት ምልክት ብቻ ከሆነ ይለፉት።

ደረጃ 8፦ የትኬት ሽያጭና የምረቃ ሳምንት

ትኬት በቴሌብር ወይም በባንክ የሚሸጡ ከሆነ በስክሪንሾት አይመኑ፤ ተቀነባብሮ የሚላክ ስክሪንሾት የተለመደ ማጭበርበር ነው። የእያንዳንዱን ክፍያ የግብይት ቁጥር በራስዎ ሒሳብ ላይ አረጋግጠው ብቻ የትኬት ቁጥር ይስጡ። በር ላይ የሚቆመው ሰው ስም፣ የትኬት ቁጥርና የግብይት ቁጥር ያለበት ዝርዝር በወረቀት ይያዝ፤ ኔትወርክ በዚያች ሰዓት ሊጠፋ ይችላል።

በሳምንቱ ውስጥ በየቀኑ አንድ መልእክት ብቻ ይልቀቁ፤ ለምሳሌ ሰኞ አንድ ትዕይንት፣ ረቡዕ የተዋንያን ጥሪ፣ ዓርብ የቀረው ወንበር ብዛት። የቀረውን ወንበር አይዋሹ። «ሊያልቅ ነው» ተብሎ የመጣ ሰው ባዶ አዳራሽ ካገኘ ወጥቶ የሚናገረው ስለ ፊልሙ አይሆንም።

ከምረቃው ሲወጡ የተመልካቾችን አስተያየት በበሩ ላይ ይቅረጹ፤ ፊታቸው እንዲለጠፍ መፍቀዳቸውን በቪዲዮው ውስጥ ራሳቸው ይናገሩ። ያን ሌሊት አንዱን ቆርጠው ይልቀቁ። ከተዋናይ ምስክርነት ይልቅ የማይታወቅ ተመልካች የተናገረው ሰው ያመጣል።

ደረጃ 9፦ ፊልሙ ሲሰረቅ

«ከተሰረቀ» ሳይሆን «ሲሰረቅ» ብለው ይዘጋጁ።

አስቀድሞ መደረግ ያለበት። ለጋዜጠኛ፣ ለገምጋሚ ወይም ለገዥ የሚላከው ቅጂ ሁሉ የተቀባዩን ስም በምስሉ ላይ ይያዝ። በዩቲዩብ ላይ «ያልተዘረዘረ» ተብሎ የሚጫን ቪዲዮ ጥበቃ የለውም፤ ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ያስተላልፈዋልም። የውሎችዎን፣ የስክሪፕቱንና የዋና ፋይሉን ቅጂ በአንድ ቦታ ያኑሩ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ሥራው ሲፈጠር ያለ ምዝገባ የሚገኝ ቢሆንም፣ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ሲገኝ የሚደረገው ቅደም ተከተል፦

1. ሳይናደዱ ሊንኩን፣ የለጠፈውን ገጽ ስም፣ የእይታውን ቁጥርና ቀኑን የሚያሳይ ስክሪንሾት ያንሱ። ሪፖርት ካደረጉ በኋላ ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል።

2. በዩቲዩብ ከሆነ የቅጂ መብት አቤቱታ ቅጹን በመብቱ ባለቤት ስም ይሙሉ። ቅጹ ለማንም ክፍት ነው። ወዲያው እንዲነሳ ወይም ለጫነው ሰው የሰባት ቀን ጊዜ እንዲሰጠው መምረጥ ይችላሉ፤ አድናቂ ሳያውቅ የጫነው ከሆነ ሁለተኛው ይበቃል። በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ጥፋት የተመዘገበበት ቻናል ሊዘጋ ስለሚችል አብዛኞቹ ከመጀመሪያው በኋላ ያቆማሉ።

3. የጫነው ሰው ተቃውሞ ካስገባ ዝም አይበሉ። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ሕግ መሄድዎን ካላሳዩ ቪዲዮው ሊመለስ ይችላል።

4. በቴሌግራም ከሆነ መልእክቱን በመተግበሪያው በኩል ሪፖርት ያድርጉ፣ የቅጂ መብት አቤቱታም በኢሜይል ይላኩ። ቻናሉ በሌላ ስም ይመለሳል፤ ስለዚህ ስሙን በሁሉም አጻጻፍ በየቀኑ እየፈለጉ በዝርዝር ይያዙ።

5. በራስዎ ገጽ ላይ ሲያማርሩ የሌባውን ሊንክ ወይም የቻናል ስም አይለጥፉ። ይህ ስህተት በየጊዜው ይደጋገማል፤ ፊልሙ መሰረቁን ያልሰማው ሰው ሁሉ የት እንደሚያገኘው የሚነግረው ራሱ ባለቤቱ ይሆናል።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፦ የማያውቁት ድርጅት በእርስዎ ፊልም ወይም ትሬለር ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ያቀርባል። ውሉን ይዘው በዩቲዩብ በኩል ይቃወሙ፤ ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ጥያቄው የመጣው በዘፈኑ ምክንያት ከሆነ በደረጃ 1 የያዙት የጽሑፍ ፈቃድ አሁን ይወጣል።

ደረጃ 10፦ ውጭ አገር ላለው ተመልካች

ለውጭ የሚሆነው ማስታወቂያ የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀን አቆጣጠር፣ እንዲሁም ሁለቱንም የሰዓት አቆጣጠር ይያዝ። «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብቻ ብለው ቢጽፉ ግማሹ ሰው በስድስት ሰዓት ይሳሳታል። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በዱባይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ሪያድ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው። በዋሽንግተን ደግሞ በእነርሱ ክረምት እኩለ ቀን፣ በበጋቸው ከእኩለ ቀን በኋላ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይሆናል። ለሰሜን አሜሪካ እሑድ ይመቻል። በእስራኤል ላለው ቤተሰብ ግን እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነና ቅዳሜም ሰንበት እስኪወጣ ስለማይቻል ሰንበት ከወጣ በኋላ ያለው የቅዳሜ ምሽት ይሻላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ላሉ እህቶች ዕረፍታቸው ብዙውን ጊዜ ዓርብ ነው፣ ጭራሽ ዕረፍት የሌላቸውም አሉ፤ ስለዚህ ለእነርሱ በአንድ ሰዓት ከሚታይ ዝግጅት ይልቅ ባሰኛቸው ጊዜ የሚከፍቱት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል።

አዳራሽ ተከራይቶ ማሳየትም ይቻላል። ኃይሌ ገሪማ በ1993 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ሳንኮፋ» አከፋፋይ ሲያጣ በአሜሪካ ከተሞች ሲኒማ እየተከራየ ራሱ አሳይቶታል። ዛሬ በየከተማው አንድ የታመነ ሰው ፈልጉ፤ አዳራሹን እሱ ይያዝ፣ ትኬቱ ግን በእርስዎ አካውንት በኢንተርኔት ይሸጥ፣ ገቢውን በመቶኛ ይካፈሉ። በየዓመቱ በሐምሌ 4 እ.ኤ.አ. አካባቢ የሚካሄደው የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ሰውን ወደ አንድ ከተማ ይሰበስባልና በዚያ ሳምንት በሌላ ከተማ አያሳዩ፤ ከቻሉ በዚያው ከተማ ያሳዩ።

እዚያ ተወልደው ላደጉ ልጆች የእንግሊዝኛ፣ በእስራኤል ላሉት የዕብራይስጥ የግርጌ ጽሑፍ ያዘጋጁ። ትርጉሙን ማሽን ሠርቶት ከሆነ አማርኛውንም ቋንቋውንም የሚያውቅ ሰው ሳያነበው አያውጡት፤ ቀልድና ስድብ በማሽን ትርጉም አይተላለፉም።

ደረጃ 11፦ ዩቲዩብ ላይ መልቀቅ

ከሲኒማ በኋላ ሁለት ምርጫ አለዎት። በራስዎ ቻናል ከለቀቁት መብቱ እጅዎ ውስጥ ይቆያል፤ ነገር ግን ቻናሉ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልገዋል። ቻናሉን ከደረጃ 2 ጀምሮ ያቆዩት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ፊልም ለሚገዛ ቻናል መሸጥ ነው፤ ገንዘቡ ቶሎ ይመጣል፣ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

በሽያጭ ውሉ ውስጥ የሚከተሉት በግልጽ ይጻፉ፦ የሚሸጠው የዩቲዩብ መብት ብቻ ነው ወይስ የቴሌቪዥንና የሌሎች መድረኮችም፤ ለስንት ዓመት ነው፤ ገዢው ቆራርጦ መልቀቅ ይችላል ወይ፤ የቅጂ መብት ጥያቄ በፊልሙ ላይ የሚያቀርበው ማን ነው፤ ክፍያውስ ፋይሉ ከመሰጠቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ። «ለዘለዓለም» የሚል ቃል ካለ ይሰርዙት ወይም ዋጋውን ያስጨምሩበት። ዋና ፋይሉን ክፍያው ሒሳብዎ ውስጥ ሳይገባ አያስረክቡ።

በራስዎ ቻናል ከለቀቁት ዝም ብለው አይጫኑት፤ ቀንና ሰዓት ተይዞለት ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያየው በሚያደርገው «ፕሪሚየር» በሚባለው መንገድ ይልቀቁት። በዚያ ሰዓት ቢያንስ ሁለት ተዋንያን በውይይት ሳጥኑ ውስጥ ሆነው ለተመልካች ይመልሱ። ፋይሉን ከሁለት ቀን በፊት ይጫኑ፤ የሙዚቃ ጥያቄ ካለ ያኔ ይታያል፣ ለማስተካከልም ጊዜ ይኖርዎታል።

ፊልሙን በተወሰነ ዘመን ከሸጡ የውሉን ማብቂያ ቀን፣ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ እንዲያስታውስዎ አድርገው በስልክዎ ይመዝግቡ። ገዢው ቻናል ጊዜው ሲያልቅ በራሱ አያወርደውም፤ በጽሑፍ ያሳውቁት፣ ካላወረደም በደረጃ 9 ያለውን ቅጽ ውሉን አባሪ አድርገው ይሙሉ።